ስንቅና ዋስ

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይበቃኛል?» ብሎ ነው። እኛ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም «የዚህ ገንዘብ ዋስ ማን ነው?» የሚለው ነው።

ሐረርን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኰንን በ1881 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ሄዱ። በ1882 ዓ.ም. መስከረም በተፈረመው ተጨማሪ ውል 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ። የብድሩ መያዣ ግን የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ዕዳውን ከፍለው ስለ ጨረሱ ገቢው ከመያዣነት ተላቀቀ።

ዛሬም ልጁን ለመሸኘት ቤቱን የሚያስይዝ አባት የሚፈርመው ይህንኑ የመሰለ ውል ነው። ከዚህም በላይ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የተቈጠረ ስንቅ በዶላር ሲመነዘር እጅግ አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ተጓዥ ወጪውን በሚሄድበት አገር ገንዘብ ያስላ፤ የመመለሻውን ቲኬት ዋጋ ለይቶ ያስቀምጥ፤ የፓስፖርቱንና የትምህርት ማስረጃውን ግልባጭ ለቤተ ሰቡ ይተው። ሻንጣና ልብስ ለማሳመር መበደር ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ! ስንቃችሁ የወላጆቻችሁን ጣራ የሚያስይዝ ከሆነ፣ ጉዞውን አንድ ዓመት ማዘግየት ውርደት አይደለም።