ፍሬን ላይ «ይደርሳል» የለም



በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ላጫውታችሁ። ዕቃዋ ከክንዴ ታጥራለች። ከጎማ የተሠራች ናት። መኪና ሥር ተደብቃ ስለምትኖር ብዙ ሰው አይቷት አያውቅም። ስሟ የፍሬን ቱቦ ይባላል። እኔም እስከ ባለፈው ወር ድረስ አላውቃትም ነበር።

እኛ ቤት አንድ የ1997 ቶዮታ ኮሮላ አለች። አባዬ የገዛት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው፤ አሁን ደግሞ ታናሽ እህቴ ትነዳታለች። እህቴ የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ ሲሆን ከቤት የምትወጣው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። (በአበሻ ሰዓት ማለቴ ነው። በስልካችሁ ላይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይላል።)

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። «ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎተተችኝ» አለች። «እግሬን ካነሣሁ በኋላም አልለቀቀችኝም።»

አባዬ ምንም ሳይናገር ወደ መኪናዋ ወጣ። እጁን ወደ ግራው የፊት ጎማ አስጠጋ፤ ለብ ብሏል። ወደ ቀኙ ሲያስጠጋ ግን ቶሎ መለሰው። ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል።

«ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል» አለ። «ቱቦው ይመስለኛል። እስኪቀየር ማንም አይነዳትም።» ቁልፉንም ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አባዬ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ያን ዕለት ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ።

ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁ የሚገፋው ዘይት ነው። ዘይቱ በቱቦ ውስጥ ሄዶ ጎማው ጋ ይደርስና ፍሬኑን ያስይዛል። ቱቦው አብዛኛው ብረት ነው። ጎማ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይዞራል። ብረት እንዲህ አይተጣጠፍም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ አጭር የጎማ ቱቦ ይገጠማል።

ጎማ ደግሞ ያረጃል። ከውጭ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ከውስጥ ያብጥና ቀዳዳው ይጠባል። እግራችሁ ኃይል ስላለው ዘይቱን በጠባቡ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። እግራችሁን ስታነሡ ግን ዘይቱ የሚመለስበት ያን ያህል ኃይል የለውም። ስለዚህ እዚያው ይቀራል፤ ፍሬኑም እንደያዘ ይቆያል። ለዚህ ነው መኪናዋ እህቴን ወደ አንድ ጎን የጎተተቻት።

እኔም «ቀላል ነው» አልኩና በዚያው ሌሊት በስልኬ አዘዝኩ። ኮሮላ፣ 1997፣ የፊት። ከሁሉም ርካሹን መረጥኩ፤ አንዱ 11 ዶላር። ገንዘብ ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዕቃው እስኪመጣ ድረስ እህቴ በአውቶቡስ ሄደች። አባዬ ሁልጊዜ በጨለማ እየተነሣ፣ ጃኬቱን ደርቦ እስከ ማቆሚያው ድረስ ይሸኛት ነበር። እኔ የበሩን ድምፅ እየሰማሁ እተኛለሁ።

በሦስተኛው ቀን ቱቦው መጣ። መኪናዋን በክሪክ አነሣንና በብረት መደገፊያ ላይ አስቀመጥናት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም፤ ይህን አደራ! ጎማውን ፈታን። እኔ አሮጌውን ቱቦ ልፈታ መፍቻ ሳነሣ አባዬ እጄን ያዘኝ።

«መጀመሪያ አስተያይ» አለኝ።

አዲሱን ከአሮጌው ጎን ያዘው። አዲሱ በሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ጫፉ ላይ ያለው ማሰሪያ ብረትም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል።

«ትንሽ ከሳብነው ይደርሳል» አልኩ።

አባዬ መልስ አልሰጠኝም። «ግባና መሪውን እስከ መጨረሻው አዙር» አለኝ። አዞርኩ። ወጥቼ ሳይ አሮጌው ቱቦ ከጎማው ጋር ተዘርግቷል፤ ግን ገና ትርፍ አለው።

«አሁን ያንተን አስበው» አለ። «መሪ ሲዞር ይወጠራል። ሲወጠር ይቀደዳል። ሲቀደድ ዘይቱ ይፈሳል። ያን ጊዜ እህትህ የት ነው ያለችው? ፍሬን ላይ ‹ይደርሳል› የሚባል ነገር የለም።»

አፈርኩ። አበሻ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። የሚቸኩል ሰው እህሉን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሲለቅም ይውላል ማለት ነው። የኔም ነገር እንደዚያ ሆነ። ቱቦውን መለስኩ፤ እህቴም ሌላ ሁለት ቀን አውቶቡስ ጠበቀች።

በማግሥቱ ከአባዬ ጋር በኔ መኪና ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። «መለዋወጫ» የመጣው «ለወጠ» ከሚለው ግሥ ነው። የተበላሸው የሚለወጥበት ዕቃ ማለት ነው። መንገድ ላይ አባዬ ስለ ሶማሌ ተራ አጫወተኝ። ሶማሌ ተራ መርካቶ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። «እዚያ ስንሄድ አሮጌውን ዕቃ ፈትተን በእጃችን ይዘን ነበር» አለኝ። «ሻጩ አስተያይቶ ይሰጥሃል። ቃል ሊሳሳት ይችላል፤ ዕቃ ግን አይሳሳትም።»

እኛ አሮጌውን አልፈታነውም። ስለዚህ ሦስት ነገር ይዘን ሄድን። አንደኛ፣ የቱቦውን ፎቶ ከሁለቱም ጫፍ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገን። ሁለተኛ፣ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናዋን መለያ። ይህ መለያ በሾፌሩ በኩል በፊት መስታወት ሥር ይታያል። ሦስተኛ፣ መኪናዋ የተሠራችበትን ወር። እሱ ደግሞ የሾፌሩ በር ሲከፈት ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ አይበቃም። በአንድ ዓመት የተሠሩ መኪኖች ኤቢኤስ ያላቸውና የሌላቸው ቱቧቸው ሊለያይ ይችላል። የግራና የቀኝም እንደዚሁ።

ሱቁ ውስጥ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። አባዬ «የፍሬን ቱቦ በለው» አለኝ። እኔም «ብሬክ ላይን» ብዬ ተረጎምኩ። ሰውዬው ገባና ረጅም የብረት ቱቦ ይዞ መጣ! አባዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ክንዱን አጥፎ እየዘረጋ «የሚተጣጠፈው!» አለ በአማርኛ። ሰውዬው አማርኛ አይችልም፤ ግን ወዲያው ገባው። «አሃ፣ ብሬክ ሆዝ!»

በአማርኛ ሁለቱም ቱቦ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን የብረቱ ሌላ፣ የጎማው ሌላ ስም አለው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ የአባዬ ክንድ ግን ያውቃል።

በነገራችን ላይ «ፍሬን» ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴም እንደዚሁ። አባዬ ከመኪና ጋር ሲያወራ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።

ሰውዬው መለያውን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቶ ሁለት ቱቦ አመጣ፤ አንድ የቀኝ፣ አንድ የግራ። «የተበላሸው እኮ አንዱ ነው» አልኩ። አባዬ «ሁለቱም አንድ ዕድሜ ናቸው» አለ። እውነቱን ነው። የፊት ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ፤ አለዚያ ነገ ግራው ተራውን ይጠብቃል።

አባዬ ቱቦውን ወደ መብራት አስጠጋ፤ ከዚያ አራቀው። ከዚያ ለኔ ሰጠኝ። «ምን ይላል? አንብብልኝ» አለ። ፊደሎቹ ትንንሽ ናቸው። ዓይኑ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም አነበብኩለት። «ዶት» ይላል፤ የአሜሪካን ደንብ ያሟላል ለማለት ነው። የተሠራበትም ቀን አለ። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ እዚያም ሆኖ ያረጃልና ቀኑ መታየት አለበት። ቱቦው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሠመረ መሥመርም ነበር። ሲገጠም መሥመሩ ከተጠማዘዘ ቱቦውም ተጠማዟል ማለት ነው።

ለሁለቱ 46 ዶላር ከፈልን። አዲስ የመዳብ ቀለበቶችም ወሰድን፤ አባዬ ሮንዴላ ነው የሚላቸው። ቡሎኑ ሲጠብቅ እነሱ ተጨፍልቀው ዘይት እንዳያልፍ ይከላከላሉ። አንዴ የተጨፈለቀ ድጋሚ አያገለግልም። የታሸገ የፍሬን ዘይትም ገዛን፤ በመኪናዋ የዘይት ዕቃ ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ዶት 3። ተከፍቶ የከረመ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ አይሆንም። ቀለም ስለሚያበላሽም መኪናው ላይ የፈሰሰውን ቶሎ በውኃ ማጠብ ነው።

ቅዳሜ ሁለቱን ገጠምን። አዲሱን መጀመሪያ ከአሮጌው ጋር ያስተያየሁት እኔ ነኝ። አባዬ አየኝ፤ ዝም አለ። ከገጠምን በኋላም መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙረን ቱቦው እንዳልተወጠረና ጎማውን እንዳልነካ አየን።

የቀረው አየሩን ማስወጣት ነበር። ዘይቱ ውስጥ አየር ካለ ፍሬኑ ይላላል። እህቴ መሪው ጋ ተቀመጠች፤ እኔ ጠርሙሱን ያዝኩ፤ አባዬ መፍቻውን።

«ርገጪ!» ይላታል። «ያዢ!» ማስተንፈሻውን ይከፍታል፤ ዘይትና አየር ይወጣል፤ ይዘጋል። «ልቀቂ!» እሱ ሳይዘጋ እሷ ከለቀቀች አየሩ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ መደማመጥ አለባቸው። (ለወንድ ቢሆን ኖሮ «ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» ይል ነበር።) አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ደጋገሙት፤ እኔ ደግሞ ከላይ ዘይቱ እንዳይጎድል እጨምር ነበር።

ልንገራችሁ፣ እኛ ይህን ያደረግነው ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችን ስላለ ነው። እናንተ ከሌላችሁ ጋራዥ ውሰዱት። ትክክለኛውን ቱቦ ለይታችሁ ማወቃችሁ ግን እዚያም ይጠቅማችኋል።

በመጨረሻ አባዬ ባዶው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀስ ብሎ ነዳት፤ ደጋግሞ ፍሬን ያዘ። ወርዶ እጁን ወደ ሁለቱም ጎማዎች አስጠጋ፤ እኔም አስጠጋሁ። ሙቀታቸው እኩል ነው።

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለእህቴ ሰጣት። ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። አባዬ አሁንም ተነሥቶ ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ መኪናዋ ቁልቁለቱ ታች መብራቱ ጋ እስክትቆም ድረስ አያት። ከዚያ ተመልሶ ተኛ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።