ተከላካይ በምን ይመዘናል?

ከአዲስ ምልምሎች መካከል ለክፍላችን እግር ኳስ ቡድን የተመረጠው ወጣት ተከላካይ፣ በመጀመሪያ ግጥሚያው ሁለት ግብ አሳለፈ ተብሎ ከወዲሁ ይታማል። ፍርዱ የቸኮለ ነው እንላለን።

አርካዊትና ዴም የተባሉት ሰፈሮች የሚገኙባትን ካርቱምን እናስታውስ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያች ከተማ ሲካሄድ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለ አንድ አጥቂ ነበር። ቡድናችን ግን አልተበተነም። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ባላጋራ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ።

ስለዚህ ተከላካይ ሲመዘን ኳስን ብቻ ሳይሆን አጥቂውንም መከታተሉ፣ ከበረኛው ጋር መነጋገሩ፣ ከሁሉም በላይ ከተሸነፈ በኋላ ወደ ቦታው ፈጥኖ መመለሱ ይታይ። ይህ ወጣት ሁለተኛው ግብ ከገባ በኋላ አንገቱን አልደፋም፤ የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ጓደኞቹን በየስማቸው እየጠራ መስመር ያስይዝ ነበር።

ጓዶች፣ እናንተም ከሜዳው ዳር ተቀምጣችሁ የምትመለከቱ እኅቶች፣ የውድድሩ ዘመን እስኪፈጸም በስድብ ሳይሆን በማበረታታት እንጠብቀው። የዘብ ብቃት በአንድ ሌሊት አይለካም።