«የበግ ፊልም» ያልኩት ፊልም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፊልም ነው። «ፈተና ደርሶ ስለ ፊልም?» እንዳትሉኝ። ስለ ፊልም ቢሆንም ዋናው ጉዳይ ጓደኝነት ነው።

ባለፈው ወር በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን «ቅዳሜ ምን ፊልም እንይ?» ተባባልን። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። እኔ «ካራቴ ኪድ» አልኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን፣ ጃኪ ቻን ያለበትን ማለቴ ነው። አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንዷ ጓደኛችን «ሁልጊዜ ድብድብ!» አለችና «ታሬ ዛሚን ፓር» የሚባለውን የህንድ ፊልም እንይ አለች። ማንበብ ስለሚከብደው ልጅና ችግሩን ስለተረዳለት መምህር የተሠራ ነው። ሌላው ደግሞ «የህንድ ፊልም ዘፈን ብቻ ነው» ብሎ አናደዳት። ጩኸት ሆነ። በመጨረሻ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ቀስ ብሎ «እኔ ላምብን እዩት እላለሁ። በፍላሽ አለኝ» አለ። እሱ ብዙ አያወራም፤ ስለዚህ እሺ አልን።

ቅዳሜ እኛ ቤት ተሰበሰብን። ፊልሙ ተጀመረ። ተራራ አለ፣ ልጅ አለ፣ በግ አለ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ድብድብ የለም፣ ሩጫ የለም። «አክተሩ በጉ ነው እንዴ?» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። «ይደብራል!» ብዬ ሪሞቱን አነሳሁና ካራቴ ኪድን ከፈትኩ። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ትንሽ ቆይቶ «አጎቴ ይፈልገኛል» ብሎ ሄደ። ፍላሹንም ረሳው።

ሰኞ ክፍል ውስጥ «በጉ መጣ» አልኩ። እንደ ቀልድ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ እሮብ ላይ የክፍሉ ግማሽ «በጉ» ይለው ጀመር። ሐሙስ መምህራችንን አስፈቅዶ ወንበር ቀየረ። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና «በቀልድ የሚያኮርፍ ልጅ» ብዬ ጭራሽ እኔው ተናደድኩ።

ከዚያ አንድ ማታ እናቴ «እስኪ የሚታይ ነገር ክፈትልኝ» አለችኝ። ቲቪው ላይ የተሰካው የእሱ ፍላሽ ነበር። ላምብን ከፈትኩላት። አብሬያት አየሁት፤ በዚህኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው።

ፊልሙን የሠራው ያሬድ ዘለቀ የሚባል ኢትዮጵያዊ ዳይሬክተር ነው። በ2007 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር በሚካሄደው በታዋቂው የካን ፊልም ፌስቲቫል ለመታየት ተመርጧል። በዚያ ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ኤፍሬም ስለሚባል ልጅ ነው። እናቱ ሞታበታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እሱን ከነበጉ ሩቅ ዘመዶች ቤት ይተወዋል። አዲሱ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር እንግዳ ነው። ልጁ ምግብ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ግን ይህን እንደ ወንድ ሥራ አያየውም። በጉንም ለበዓል ሊያርደው አስቧል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ እዩት።

ፊልሙ ሲያልቅ እናቴ ዝም አለች። ቆይታ «ያ አብሮህ የሚቀመጠው ልጅ አጎቱ ቤት አይደል የሚኖረው?» አለችኝ።

አዎ፤ አጎቱ ቤት ነው የሚኖረው። ከገጠር የመጣው አምና ነው። ይህን ሁሌም አውቃለሁ። ግን ለምን ያንን ፊልም እንደመረጠልን አንድ ጊዜም አላሰብኩም ነበር። ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በነጋታው ከሰልፍ በፊት ፍላሹን መለስኩለትና «ይቅርታ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አልኩት። «አየኸው?» ብቻ አለኝ። «ሙሉውን» አልኩት። ከዚያ ስለ ፊልሙ ደወል እስኪደወል አወራን። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍም የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የራሴን አስተያየት ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሰው «ይህን ፊልም እዩት» ሲለን ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «ብሉ» እንዳለን ልንቆጥረው ይገባል። ምሳ ዕቃ ተከፍቶ «ምንድነው ይሄ!» አንልም፤ ነውር ነው። ባንወደውም አንድ ጉርሻ እንቀምሳለን። ፊልም ላይ ሲሆን ግን ሳንቀምስ «ይደብራል» እንላለን።

ሁለተኛ፣ «ይደብራል» ምክንያት አይደለም። እኔ ላምብን «ረዘመ» ብዬ ነበር። በኋላ ሰዓቱን ሳየው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ የኔ ካራቴ ኪድ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ነው! ስለዚህ ያልለመድኩት ዓይነት ስለሆነብኝ እንጂ ረዝሞ አይደለም። ከዚህ በላይ የገረመኝ ደግሞ ሁለቱ ፊልሞች መመሳሰላቸው ነው። ካራቴ ኪድም ከአሜሪካ ወደ ቻይና ሄዶ እንግዳ ስለሆነና ልጆች ስለሚያስቸግሩት ልጅ ነው። እኔ አራት ጊዜ ሳየው ለዚያ ልጅ አዝኛለሁ። ክፍሌ ውስጥ ያለውን እንግዳ ግን «በጉ» አልኩት።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ ልጆች «ሁሉም የራሱ ምርጫ አለው፣ ስለዚህ አንከራከር» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መከራከር ጥሩ ነው፤ ያለ ክርክር ፊልም ማየት ምን ደስ ይላል? ግን ክርክሩ ፊልሙ ላይ ይሁን እንጂ የመረጠው ሰው ላይ አይሁን። ለምሳሌ ጓደኛዬ ካራቴ ኪድን አሁንም አልወደደውም። «ልጁ የሚማረው ኩንግ ፉ ነው፣ ስሙን ካራቴ ያሉት ለምንድነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ! ይህ ግን ክርክር ነው፤ አልተናደድኩም። የህንድ ፊልም ዘፈን ብቻ ነው ያለው ልጅም መጀመሪያ አንዱን እስከ መጨረሻው ይይና ከዚያ ይከራከር።

በመጨረሻም ለክበባችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ በአዳራሽ ፊልም ሲታይ በእጅ ማውጣት ስንመርጥ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አክሽን ነው። እኔም እጄን የማወጣው ለእሱ ነው። ዝምተኛ ልጆች የሚወዱት ፊልም ግን በዚህ መንገድ መቼም አይታይም። ስለዚህ ክፍሎች በየተራ ቢመርጡስ? የመረጠው ክፍል ተወካይም ከፊልሙ በፊት ወጥቶ ለምን እንደወደዱትና ለትንንሽ ተማሪዎች የሚሆን መሆን አለመሆኑን ይንገረን። መምህራኖቻችንም ቢመርጡ ደስ ይለናል።

ጓደኛዬ ወደ ድሮ ወንበሩ ተመልሷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ታሬ ዛሚን ፓር»ን አራታችንም እናያለን። ሪሞቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ እንዳልነካው ተስማምተናል።

መልካም የፈተና ጊዜ!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል