ስምንት መስመር ብቻ
አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር አሮጌው ከንቱ ሆነ ትሉ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ታንዲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረባትን ሞዴል 100 የተባለች ትንሽ ኮምፒዩተር ለምሳሌ ውሰዱ። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች 20 ሰዓት ያህል ትሠራለች፤ ማብሪያዋን እንደ ነኩትም ሳትዘገይ ለጽሕፈት ትዘጋጃለች። ጋዜጠኞች ዜናቸውን ከያሉበት በስልክ መስመር ይልኩባት ነበር።

ጕድለቷን አልሸሽግም። ክዳን የላትም። መስኮቷ ከውስጥ ስለማይበራ በምሽት ፋኖስ ወይም አምፑል ያሻታል። የእኛን ፊደል ስለማታውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል እጽፍባት ነበር፤ ከዚያ በኋላ «ጠ»ን ከ«ተ» መለየት የእኔ ዕዳ ነው!

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፣ በመስኮቷ ላይ የሚታየው ስምንት መስመር ብቻ መሆኑ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር 40 ፊደል። ብዙዎች ይህን ነቅፈውባታል። እኔ ግን የወደድኋት በዚሁ ነው። በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ድርሰት ስትጽፉ መልእክቱና ሥዕሉ ከአንቀጹ ጋር ይሻማሉ። በእርሷ ፊት ስትቀመጡ ግን ያላማረ ዓረፍተ ነገር ዐይን ለዐይን ያያችኋል፤ ከማረም በቀር መሸሻ የላችሁም።