የማር ንጽህና በክብሪት አይለካም

በጅማ ከተማ ቦሳ ኪቶ ቀበሌም ሆነ በአካባቢው ባሉ የቡና ከተሞች ጉንፋን ወይም ሳል የገባበት ቤት ቀድሞ የሚፈልገው ማር ነው። ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጥቁር አዝሙድ ወይም ከፌጦ ጋር ተቀላቅሎ በማንኪያ ይወሰዳል። ማር ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻም። ጅማ ዙሪያዋን እንደ ጌራ፣ ሸቤ ሶምቦ፣ ጎማና ሊሙ ኮሳ ባሉ ማር አምራች ወረዳዎች የተከበበች ናት። ይሁንና ገዢው ገበያ ሲወጣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ንጹህ ነው ወይ?» ማለት ይቀድመዋል።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። ስኳር፣ የቀለጠ ከረሜላ፣ ሙዝ ወይም ዱቄት ከማር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ በአገራችን በተደጋጋሚ የታየ ማጭበርበር ነው። በዓለም ገበያም ያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ምርመራ ከውጭ ከገቡ 320 የማር ናሙናዎች መካከል 46 በመቶ የሚሆኑት ባዕድ ስኳር ሳይጨመርባቸው አልቀረም ተብለው ተጠርጥረዋል።

የጉዳቱ ተሸካሚዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መድኃኒት ገዛሁ ብሎ ስኳር ለሕመምተኛ የሚሰጥ ሸማች ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ንጹህ ማር የሚቆርጠው አናቢ ነው። ስኳር የተቀላቀለበት ማር በርካሽ ዋጋ አጠገቡ ሲቀመጥ የእርሱ ማር ዋጋውንም አመኔታውንም ያጣል።

ብዙ ማር፣ ጥቂት አመኔታ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ያላት አቅም እስከ 500 ሺህ ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ያም ሆኖ አብዛኛው ማር አሁንም የሚመረተው በባህላዊ ቀፎ ነው። ከአናቢው እጅ ከወጣ በኋላም በሰብሳቢ፣ በጅምላ ነጋዴና በቸርቻሪ እጅ እያለፈ፣ በየደረጃውም ከሌላ ማር ጋር እየተደባለቀ ሸማቹ ዘንድ ይደርሳል። በመጨረሻ ላይ ማሩ ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ የሚናገር አይገኝም። ማጭበርበሩም የሚገባው በዚሁ ክፍተት ነው።

የጥራት ጉድለት ሁሉ ግን የነጋዴ ጥፋት አይደለም። ንቦቹ ክፍሎቹን በሰም ሳይከድኑ የተቆረጠ ማር ውኃው ስለሚበዛ ቶሎ ይቦካል። ጭስ የበዛበት፣ እጭ አብሮ የተጨመቀበት ወይም ቀድሞ ሌላ ነገር በተያዘበት ጀሪካን የተቀመጠ ማርም ስኳር ባይገባበትም ጥራቱ ተበላሽቷል።

የክብሪቱና የውኃው ፈተና

ሸማቹ ራሱን ለመጠበቅ የሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አሉት። ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር አንዱ ነው። ከተቀጣጠለ ንጹህ ነው ይባላል። ክብሪቱ ቢናገር የሚናገረው ስለ ማሩ ውኃ ብቻ ነው። ወፍራም ሆኖ የተፈላ የስኳር ሽሮፕም ክብሪቱን ላያጠፋው ይችላል። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጠብ አድርጎ መስጠሙን ማየትም የሚለካው ውፍረትን ነው። ጉንዳን አይነካውም የሚባለውም እንዲሁ አያስተማምንም፤ ጉንዳን ንጹሁንም ማር ይወዳል።

ከሁሉ በላይ አናቢውን የሚጎዳው ግን «የረጋ ማር ስኳር አለበት» የሚለው እምነት ነው። ንጹህ ማር በውስጡ ያለው ግሉኮስ እየጠጠረ ሲሄድ ይረጋል። ቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ደግሞ ይፈጥናል። ገዢው የረጋውን ትቶ ቀጭኑን ሲመርጥ፣ ነጋዴው ማሩን በእሳት አሙቆ እንዲያቀልጥ ይገፋዋል። ሙቀት ደግሞ የማሩን ጠቃሚ ኢንዛይሞች ያዳክማል።

ቀለምም ምስክር ሊሆን አይችልም። የገተማ ዛፍ አበባ ነጣ ያለ ማር ይሰጣል። የብሳናና የግራዋ ማር ጠቆር ይላል፤ መረር የሚል ጣዕምም አለው። ሦስቱም ንጹህ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰፈፍ ያለው ማር ለማጭበርበር ከባድ ስለሆነ የተሻለ ዋስትና ይሰጣል። ቢሆንም አበባ በጠፋበት ወቅት ስኳር የተቀለቡ ንቦች የሠሩት ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ቁርጡን የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በአብዛኛው የማር ዓይነት ላይ ውኃው ከ20 በመቶ፣ ሱክሮስ የተባለው ስኳር ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ከሸንኮራ አገዳና ከበቆሎ የተሠራ ስኳርም የካርቦን ይዘቱ ንቦች ከሚቀስሟቸው ከአብዛኞቹ ዕፅዋት የተለየ በመሆኑ በምርመራ ይታወቃል።

ጣዝማ፦ የብርቁ ማር አደጋ

ለሳል ከሁሉ የሚመረጠው የጣዝማ ማር ነው። ጣዝማ የማትናደፍ፣ መሬት ውስጥ የምትኖር ትንሽ ንብ ናት። ማሯ ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ ሲሆን፣ ውኃውም ከተራው ማር ይበልጣል። ስለዚህ በክብሪት ወይም በውኃ የሚፈትን ሰው እውነተኛውን ጣዝማ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ብርቅና ውድ መሆኑ ደግሞ ማጭበርበሩን ያበረታታል። ማሩ የሚገኘው ጎጆውን ቆፍሮ በማውጣት በመሆኑ መንጋው አብሮ ይጠፋል። ጣዝማን በቀፎ የማላመድ ሥራ በምርምር ተሞክሯል፤ ወደ አናቢው ደጅ ቢደርስ መድኃኒቱም ንቧም በተረፉ ነበር።

ማር ምን ያድናል፣ ምን አያድንም?

ማር ሳልን ያስታግሳል የሚለው የእናቶች ዕውቀት በሳይንስም ድጋፍ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ 105 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ማር የወሰዱት ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ የሌሊት ሳላቸው ቀንሶ ታይቷል። የብሪታንያ የጤና መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በጉንፋን ለሚመጣ ሳል ማርን ከቀዳሚ አማራጮች ጋር አስቀምጦታል። አወሳሰዱም ቀላል ነው፦ አንድ የሻይ ማንኪያ እንዳለ ወይም ለብ ባለ ውኃ። በፈላ ሻይ ላይ መጨመር ግን ማሩን እንደ ማሞቅ ነው።

ገደቡም መታወቅ አለበት። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ማላስም ቢሆን አይገባም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ አድጎ ሰውነት የሚያዝል አደገኛ መርዝ ያመነጫል። የማሩ ንጹህነት ከዚህ አያድንም፤ ቤት ውስጥ ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ማር በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ እንደሚያደርግ ማወቅ ይኖርበታል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። ለቁስልና ለቃጠሎ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ማር ከጀርም የጸዳ እንጂ ከገበያ የተገዛው አይደለም።

ዋስትናው ምንጩን ማወቅ ነው

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የሸማቹ አስተማማኝ ፈተና ጥያቄ መሆኑን ነው። ማሩ የማን ነው? ከየት ቀበሌ መጣ? መቼ ተቆረጠ? ከየትኛው አበባ ነው? ሻጩ መልስ ካለው፣ የመልሱም ወቅት ከአበባው ወቅት ጋር ከተስማማ፣ ክብሪት ከመጫር ይሻላል። በቆረጣ ወቅት ከሚታወቅ አናቢ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር መግዛትም ይመከራል።

ሸክሙን ለሸማቹ ብቻ መተው ግን ተገቢ አይደለም። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ መሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ገበያ ላይ እንዲሠራ የሚጎድለው የምርቱ ማንነት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሩን ለምግብ በተሠራ ባልዲ ተቀብለው፣ ቀበሌውንና የተቆረጠበትን ወር ጽፈው ቢያሽጉት ተቆጣጣሪውም የሚከተለው ዱካ ያገኛል። ጠብታ ማር ብቻ የምትፈልገው የእጅ መሣሪያ የውኃውን መጠን ወዲያው ትናገራለች፤ በየማሰባሰቢያው ብትኖር ያልበሰለው ማር እዚያው ይለያል። የስኳሩን ምርመራ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማት ከወረዳዎቹ ጋር ተቀናጅተው ሊያግዙበት ይችላሉ።

ጉዳዩ ከማር ማሰሮ ያለፈ ነው። በጌራና በበለጠ ጫካ ዛፉን ለቀፎ ብሎ የማይቆርጥ ገበሬ ደኑንም ቡናውንም ይጠብቃል፤ የንብ ጉብኝት የቡናን ፍሬ እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ገበሬ ለንጹህ ማሩ ተገቢውን ዋጋ ካገኘ ዛፉ ይቆማል። ስኳር የጨመረው ነጋዴ ከቀደመው ግን ዛፉን ለማቆየት የሚኖረው ምክንያት አንድ ይቀንሳል።