ቻናሉ ሞልቷል፣ ሜንተሯ የታለች?

ቴሌግራማችሁን ክፈቱና «ስኮላርሺፕ» ብላችሁ ፈልጉ። ቻናሉ አያልቅም። ጀርመን፣ ቻይና፣ ሃንጋሪ፣ ሙሉ ወጪ የተሸፈነ፣ ዴድላይኑ ነገ የሚያልቅ። በውሃ ሀብት፣ በአፈር፣ በአየር ንብረት፣ በታዳሽ ኃይል የሚሰጡትም ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ላይ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የምትል መስመር አለች። እሺ፣ የሚያበረታታት ማን ነው? ሊንኩ?

ዩኔስኮ ያወጣውን መረጃ ብናይ በ2013 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100 ተመራማሪዎች ሴቶቹ 13 ገደማ ነበሩ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዓለም ደረጃ ከሦስት አንዷ ሴት ናት። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

«ሰስቴነብሊቲ ሳይንስ» ሲባል የሩቅ ሰው ነገር ይመስላል እንጂ የቤታችን ጉዳይ ነው። ውሃው፣ አፈሩ፣ ማገዶውና እህሉ ለልጅ ልጅ እንዲቆይ ምን ይደረግ፣ እኛስ ዛሬ ምን እየበላን እንቆይ ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠይቅ ሳይንስ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ውሰዱ። ስንት እንጨት እንደሚቆጥብ ላብራቶሪ ይነግራችኋል። እናት ሁለት ወር ጋግራበት ለምን ጥግ እንዳስቀመጠችው የሚያውቀው ግን ጓዳ ገብቶ ከእሷ ጋር የተቀመጠ ሰው ነው። ወንድ ተመራማሪ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚመልስለት አባወራው ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ ቆላው አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉም፣ ጄሪካን ይዞ መንገዱ የረዘመው በሴቶቹ ላይ ነው። ጥናቱ ላይ ሴት ስትጠፋ የሚጠፋው ጥያቄው ራሱ ነው።

እና ሶሻል ሚዲያ ይህን ይቀይራል ወይ? የሠሩትን እንይ።

በ2002 አሜሪካ ውስጥ ስድስት ወጣት የምድር ሳይንስ ተመራማሪ ሴቶች ተሰባስበው እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ። ከዚህ ነው «የምድር ሳይንስ ሴቶች ኔትወርክ» የተወለደው። ዛሬ በብዙ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ሲጀመር ግን ትልቅ ፕሮጀክትም፣ ታዋቂ ሰውም አልነበረም። ስድስት ሰው ነው። በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያለች ሴት ሌላዋን «አንቺ እንዴት አለፍሽው?» ብላ መጠየቅ መቻሏ ነው ዋናው።

ወደ እኛ ስንቀርብ ናይሮቢ ላይ በ2008 የተጀመረው አዋርድ አለ፤ በግብርና ምርምር ላይ ላሉ አፍሪካዊያን ሴቶች የተቋቋመ ፕሮግራም ነው፣ ኢትዮጵያዊያንም አልፈውበታል። የአዋርድ ብልሃት ሰንሰለቱ ነው። አንዷ ተመራማሪ ልምድ ካለው ሜንተር ጋር ትገናኛለች። እሷ ደግሞ በተራዋ ከበታቿ ያለች ጀማሪ ሴት ትይዛለች። ማለትም የምትቀበል ሁሉ ትሰጣለች። ፕሮግራሙ በአካል ሥልጠናም አለው፣ በስልክ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ግን ሰንሰለቱን ቴሌግራም ላይ መቅዳት የሚከለክል ነገር የለም።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የምድርና የአካባቢ ሳይንስ የሚማሩ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ከመምህራንም ከእኩዮችም ሰፋ ያለ የሜንተር ክብ ያላቸው ተማሪዎች «እኔ ሳይንቲስት ነኝ» የሚለው ስሜታቸው የበረታ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ሰዎች በሉት።

አሁን ወደ 13ቷ እንመለስ። ከመቶ 13 ሴት ብቻ ካለች፣ ለእያንዳንዷ ተማሪ አንዲት ሴት ዶክተር እንመድብ ቢባል ሂሳቡ አይሠራም። እነዚያው ጥቂት መምህራን ክፍል ያስተምራሉ፣ ኮሚቴ ላይ «ሴት ትግባበት» ተብለው ይገባሉ፣ ቤትም ይጠብቃቸዋል። በዚህ ላይ 40 ልጅ ኢንቦክስ ብታደርግ ማን ይመልሳል? ሜንተር መሆን ደግሞ ደሞዝም የደረጃ ዕድገትም የሚያስገኝ ሥራ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን እንደ ሥራ ቆጥረው ለዕድገት ነጥብ እስካልሰጡ ድረስ በጎ ፈቃድ ብቻውን ቶሎ ይደክማል። ለዚህ ነው ሰንሰለቱ የሚያስፈልገው። አራተኛ ዓመቷ ሁለተኛ ዓመቷን ትያዝ፣ ማስተርስ የጀመረችው አራተኛ ዓመቷን።

አንድ የቃል ግርታም አለብን። «አማካሪ» ስንል ቴሲሱ ላይ የሚፈርመው አድቫይዘር ነው የሚመጣብን። እሱ ምዕራፍ ሦስትን ያርማል። ለማታውቂው ፕሮፌሰር የመጀመሪያ ኢሜይል እንዴት ይጻፋል፣ ፊልድ ወረዳ ስትወጪ የት ታድሪያለሽ፣ ቤተሰብ «መቼ ነው የምታገቢው» ሲል ምን ትመልሻለሽ የሚለው ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ልጆቹ የሚቆሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የኛ ሶሻል ሚዲያ ችግሩ ቅርፁ ነው። ቻናል ሜጋፎን ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሃምሳ ሺህ ሰው ይሰማል። ትልልቆቹ ግሩፖች ደግሞ ለሴት ልጅ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ስለ ጂአይኤስ ሶፍትዌር አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ መልስ ሳይመጣ ኢንቦክሷ «ሃይ ቆንጆ» ይሞላል። በማግስቱ ግሩፑን ለቃ ትወጣለች። ከዚያ «ሴቶቹ አይሳተፉም» ይባላል።

መታየት ራሱ ግን ዋጋ አለው። ሮይተርስ በ2021 የ1,000 ተፅዕኖ ፈጣሪ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ዝርዝር ሲያወጣ ሴቶቹ 122 ብቻ ነበሩ። ዝርዝሩ ከቆጠራቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ጥናቶቹ በሚዲያና በሶሻል ሚዲያ ምን ያህል እንደተነሱ ነው። «500 ሴት ሳይንቲስቶች» የተባለው ስብስብ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር መልስ የሰጠው ጋዜጠኛ ሴት ባለሙያ የሚፈልግበት የስም ማውጫ ኢንተርኔት ላይ በመክፈት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ130 በላይ አገሮች ሴቶች ተመዝግበውበታል። የኛ ሚዲያዎች ድርቅ በመጣ ቁጥር እነዚያኑ ሦስት አራት ወንድ ምሁራን ነው የሚደውሉላቸው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ የሚናገሩ ሴት ባለሙያዎች ያሉበት እንዲህ ያለ ማውጫ መሥራት ብዙ ብር አይጠይቅም።

ዶ/ር ሰገነት ቀለሙን አስቡ። ከፍኖተ ሰላም ተነስተው፣ ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው፣ በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን መምራት ጀመሩ። በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮን ሽልማት ወሰዱ። ያኔ ሞባይል የለም፣ ቴሌግራም የለም። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ያለች ተማሪ እሳቸውን ስልኳ ላይ ልታገኛቸው ትችላለች፣ ዳታ ካለ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ግን በአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ጨለማ ውስጥ ቆይታለች። በየካቲት 2023ም ቴሌግራምና ፌስቡክ በመላ አገሪቱ ሲታገዱ ያለ ቪፒኤን መግባት አልተቻለም፣ ወራትም ፈጀ። ማመልከቻ ዴድላይን አይጠብቅም። የሜንተርና የተማሪ ግንኙነትም ስድስት ወር ከተቋረጠ መልሶ ማስነሳት ከባድ ነው።

ስለዚህ ግሩፕ ለመክፈት ያሰባችሁ ካላችሁ፦ ከስምንት አሥር ሰው አታብዙት፣ ሴቶች ብቻ ቢሆን ይሻላል፣ ሁለት እርከን ይኑረው። ትልልቅ ግሩፖች ውስጥ ቴሌግራም ሴቲንግ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ። ትንሿ ግሩፕ ውስጥ ግን ቁጥር ተለዋወጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። ዳታ ሲጠፋ ጥሪና ኤስኤምኤስ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለረጅም ጥያቄ ደግሞ ቮይስ ላኩ፤ ከቪዲዮ ኮል ይልቅ ፓኬጅ ይቆጥባል፣ መላሿም ልጇን አስተኝታ ማታ ትሰማዋለች።