ሽምደዳ የሆነው ሰዋስው

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰዋስው መማር ባመዛኙ ትርጓሜ መሸምደድ ነው። «ግስ ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» ይባላል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ገልብጦ ለፈተና ያጠናዋል። ትርጓሜው ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አይቋቋምም። «ሩጫ» እና «ግድያ» ድርጊት ናቸው፤ ግስ ግን አይደሉም። «ነው» ደግሞ ግስ ነው፤ የሚገልጸው ድርጊት ግን የለም። ይህን የጠየቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ «እሱ ልዩ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የሥነ ልሳን ንድፈ ሐሳብ ለመምህሩ የተሻለ መለያ ይሰጠዋል፦ ቃሉ ምን ቅጥያ ይቀበላል? በዐረፍተ ነገር ውስጥስ የት ይገባል? «ሩጫ» «ሩጫው»፣ «ሩጫዎች» ይሆናል፤ «ሮጠ» ግን እንደ ባለቤቱ «ሮጥኩ»፣ «ሮጠች»፣ «ሮጡ» እያለ ይረባል። የሥነ ልሳን ምሁሩ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» የቃል ክፍሎችን አምስት ያደረጉት በዚህ ዓይነት መለያ ነው። ወደ ክፍል የዘለቀው ግን መለያው ሳይሆን ቁጥሩ ነው፤ ቀድሞ ስምንት ይሸመደድ ነበር፣ አሁን አምስት ይሸመደዳል።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው «ን» ላይ ነው። የተለመደው ማብራሪያ «ን በተሳቢው ስም ላይ ይጨመራል» ይላል። «በግ ገዛ» ላይ ግን «ን» የለም፤ የሚመጣው በጉ የታወቀ ሲሆን ነው፦ «በጉን ገዛ»። «ትልቁን በግ ገዛ» ሲባል ደግሞ ስሙን ትቶ ቅጽሉ ላይ ያርፋል፤ «ትናንት የገዛውን በግ አረደ» ሲባል ጭራሽ ግስ ላይ! ቃላትን በተናጠል የሚያይ ሰዋስው እዚህ ላይ መልስ ያጣል። «ን» የመላው ስማዊ ሐረግ ምልክት ነው፣ ገላጭ ካለ በገላጩ ላይ ይውላል ቢባል ግን ሦስቱም ምሳሌዎች በአንድ ደንብ ይጠቃለላሉ።

በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው በትክክል ይናገራል። በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታው ግን ይዞት የሚመጣው ሥርዓት ሌላ ነው፦ በእሱ ቋንቋ ቅጽል ከስም በኋላ ይመጣል፤ ልዩ ምልክት የሚይዘውም ተሳቢው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር ልጁ የት ሊሳሳት እንደሚችል አስቀድሞ ይገምታል፤ የማያውቀው በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ ያልፋል።

ይህ ማለት ንድፈ ሐሳቡ እንዳለ ሰሌዳ ላይ ይውጣ ማለት አይደለም። የሥነ ልሳን ሊቁ ቾምስኪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ለቋንቋ መምህራን ባቀረበው ንግግር፣ የሥነ ልሳን ግኝቶች ለቋንቋ ማስተማር ያላቸውን ፋይዳ እንደሚጠራጠር ገልጿል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ የሐረግ መዋቅርን በዛፍ ሥዕል ማሳየት ሳይገባ ከተገለበጠ እሱም ሌላ ሽምደዳ ይሆናል። ንድፈ ሐሳቡን ማወቅ ያለበት መምህሩ ነው፤ ተማሪው የሚያስፈልጉት በደንብ የተመረጡ ምሳሌዎችና ደንቡን ራሱ የሚፈልግበት ጊዜ ናቸው። ፈተናው «ግስ ምንድን ነው?» እያለ እስከጠየቀ ድረስ ግን፣ በሥነ ልሳን የተመረቀ መምህርም ቢሆን ተመልሶ ትርጓሜውን ያስገለብጣል።